ኢንቴሊጀንስ 6 ማለት አይኪው 60 ማለት ነው? የከፈትኩት ክርና 27ቱ መልሶች

ባለፈው ጨዋታ ተጣላን። ከባድ ጥል አይደለም፤ ግን አንድ ሰው ዳይሶቹን ሰብስቦ ኪሱ ከቶ የወጣበት ጥል ነው።

የምንጫወተው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ችሎታው በቁጥር የተጻፈ አንድ ገጸ ባሕሪ ይዞ፣ መሪው በሚተርከው ታሪክ ውስጥ በዳይስ እየታገዘ የሚጫወተው ጨዋታ። ከጨዋታ መሪው ጋር አምስት ነን። አንደኛው ልጅ ባርባሪያን የሚባለውን ጉልበተኛ ተዋጊ ይዟል፤ ጉልበቱ 17፣ ኢንቴሊጀንሱ፣ ማለትም የማሰብ ችሎታው፣ ደግሞ 6። ይቺ 6 የገጸ ባሕሪው ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ተፍቃ ተጽፋለች። ልጁ በየጊዜው ከፍ ሊያደርጋት ይሞክራል፣ መሪው ያስመልሰዋል። ቦታው ከላጲስ ብዛት ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል።

እና አንድ የድንጋይ በር ፊት ደረስን። በሩ ላይ አምስት የቁጥር መስመሮች ተቀርጸዋል፦ 1፣ 11፣ 21፣ 1211፣ 111221። ስድስተኛውን መስመር የሞላ ይገባል። ኢንቴሊጀንስ 18 ያላት አስማተኛ የያዘችው ልጅ ደመረች፣ ቀነሰች፣ አባዛች፣ ወረቀት ጨረሰች። ሃያ ደቂቃ ሄደ። ባርባሪያኑን የያዘው ልጅ ቁጥሮቹን በጣቱ እየነካ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆየና ስድስት አሃዝ ተናገረ። ልክ ነበር።

በሩ ግን አልተከፈተም። መሪው ኢንቴሊጀንስ 6 ማለት በማሰብ ችሎታ ፈተና አይኪው 60 ማለት ነው፣ አይኪው 60 ያለው ሰው ደግሞ ይህን አይፈታም አለ። ዳይሱ ኪስ የገባው ከዚህ በኋላ ነው።

እኔም ቤት ገብቼ ኢንተርኔት ላይ ክር፣ ማለትም ሰው መልስ የሚጽፍበት የውይይት ርዕስ፣ ከፈትኩ። የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው። ኢንቴሊጀንስን በ10 አባዝቶ አይኪው ማለት ያስኬዳል ወይ? በሩስ መከፈት ነበረበት ወይ? በማግስቱ 27 መልስ ጠበቀኝ። ሁሉንም አልዘረዝርም፣ አንዳንዶቹ ሰላምታ ብቻ ናቸው።

1ኛው መልስ ጨዋ ነበር። በ10 ማባዛት የቆየ ልማድ ነው አለኝ። የጨዋታው አማካይ 10 አካባቢ ነው፣ የአይኪው አማካይ 100 ነው፣ ስለዚህ ዜሮ ጨምርበትና ተገላገል። 2ኛውም ተስማማ፣ መሪያችንን ይቅርታ እንድንጠይቀውም መከረ።

3ኛው ሰው ሒሳብ ይወዳል። ከአጻጻፉ ያስታውቃል፣ ሰላም እንኳን ሳይል ነው ወደ ቁጥር የገባው። እ.ኤ.አ. በ1974 ጨዋታው ሲወጣ ችሎታ የሚወሰነው ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ሦስት ጥሎ በመደመር ነበር። ትንሹ 3፣ ትልቁ 18፣ አማካዩ 10.5። ሦስት ዳይስ በ216 መንገድ ሊወድቅ ይችላል፣ 18 የሚመጣው ከነዚህ በአንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ኢንቴሊጀንስ 18 ያለው ሰው ከ216 ሰው አንዱ ነው ማለት ነው። በ10 አባዝተህ 180 ስትለው ግን፣ እንዲህ ያለ አይኪው ከ20 ሚሊዮን ሰው በአንዱ ገደማ ላይ ነው የሚጠበቀው። ወደ ታችም ያው ነው። 3 ወደ 30 ሲቀየር፣ ከ216 አንድ የነበረው ሰው ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ውስጥ አንድ ይሆናል። ማባዛቱ መሃል ላይ ደህና ነው፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ያብዳል።

ምትክም አመጣ። የአይኪው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን፣ ማለትም ሰዎች ከአማካዩ ወዲህና ወዲያ የሚራራቁበት መለኪያ፣ 15 ነው። የሦስት ዳይስ ድምር ደግሞ 2.96 ገደማ። አንዱን ለአንዱ ስታካፍል 5 ይወጣል። እንግዲህ ከ10.5 በላይ ለሆነች ለእያንዳንዷ ነጥብ 5 አይኪው ጨምር፣ ከዚያ በታች ለሆነች 5 ቀንስ። በዚህ ስሌት 18 ማለት 138 አካባቢ ነው። የኛ ባርባሪያን 77 ላይ ይቀመጣል።

4ኛው አረመው። መነሻው ከመቶ ስንት ሰው ከሱ በታች ነው የሚለው መሆን አለበት አለ። 6 እና ከ6 በታች ከ216 በ20 መንገድ ነው የሚመጣው፣ ከ9 በመቶ ትንሽ ይበልጣል፤ አይኪው ላይ ይህ ቦታ 80 አካባቢ ነው። ለዚህች ሦስት ነጥብ ልዩነት ሁለቱ ሰዎች ረጅም ረጅም አንቀጽ ተጻጻፉ። እኔ ከሁሉም የያዝኩት አንድ ነገር ነው፤ 60 አይደለም። ጓደኛችን የያዘው ሰው ከአሥራ አንድ ሰው አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አግኝቼ አላውቅም የሚል ካለ ራሱን ይመርምር።

5ኛው ሁለቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ገለበጣቸው። ዛሬ ማን ሦስት ዳይስ ይጥላል? ብዙው ሰው አራት ጥሎ ትንሹን ያወጣል፤ አማካዩ ወደ 12.2 ይወጣል፣ 18ም ከ62 አንድ ገደማ ይሆናል። ዳይስ የማይነካም አለ። 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10 እና 8 ይሰጡታል፣ የትኛው የት እንደሚገባ ራሱ ይመርጣል። ባርባሪያን የያዘ ሰው 8ቷን የት እንደሚጥላት ይታወቃል። እና ይሄ ስለ ሰው ልጅ አእምሮ ምን ይነግረናል? እውነት ነው። የጨዋታው ባርባሪያኖች የደነዘዙት በተፈጥሮ አይደለም፣ በቁጠባ ነው።

6ኛው ለመሆኑ አይኪው ራሱ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፣ ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ይመስል ነበር የምናወራው። 7ኛው መለሰለት፣ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት መልስ ይሄ ነው። አልፍሬድ ቢኔ እና ቴዎዶር ሲሞን እ.ኤ.አ. በ1905 ፈረንሳይ ውስጥ ፈተናቸውን ያዘጋጁት ትምህርት ቤት ውስጥ ተጨማሪ እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለመለየት ነበር። ሊቅ ፍለጋ አልነበረም። በ1912 ጀርመናዊው ቪልያም ሽተርን የአእምሮ ዕድሜን ለትክክለኛ ዕድሜ ማካፈል የሚል ሐሳብ አመጣ፣ አሜሪካዊው ሉዊስ ተርማን በ1916 ባወጣው ፈተና ውጤቱን በ100 አባዛው። የ10 ዓመት ልጅ የሚሠራውን የሚሠራ የ8 ዓመት ልጅ 125 አገኘ ማለት ነው። ለልጆች ያስኬዳል። አዋቂ ላይ ሲደርስ ግን ይሰበራል፤ የ60 ዓመት ሰው አእምሮ ያለው የ30 ዓመት ሰው 200 ነው እንበል? ምን ማለት ነው እሱ? ስለዚህ ዴቪድ ዌክስለር በ1939 ለአዋቂዎች ባወጣው ፈተና ማካፈሉን ተወው። ሰውን ከእኩዮቹ ጋር አስተያይቶ፣ መሃሉን 100 ብሎ፣ ከመሃሉ ምን ያህል እንደራቀ ነገረው።

ከዚያ ወዲህ አይኪው የመጠን ቁጥር አይደለም፣ የሰልፍ ቁጥር ነው። አይኪው 120 ያለው ሰው 60 ካለው ሁለት እጥፍ አያስብም፤ ሰልፉ ላይ ፊት ነው ያለው፣ በቃ። የጨዋታው ቁጥር ደግሞ በተቃራኒው መጠን ነው፣ ከዳይስ ጋር ይደመራል። ሁለቱን ለማዛመድ የሚለፋ ሰው የተራ ቁጥርን በኪሎ ለመመዘን ነው የሚሞክረው ሲል ጨረሰ። እኔ አልጨመርኩበትም።

8ኛው ላይ አየሩ ተቀየረ። ሰውየው አይኪው 144 እንዳለው ነገረን። ማንም አልጠየቀውም። ያልተለካ ሰው ስለ መለኪያ ማውራት እንደሌለበትም አከለበት። 9ኛው አልማረውም፤ የተለካው በመሃል በመሃል የጫማ ማስታወቂያ በሚወጣበት ነፃ ፈተና እንደሆነ ጠረጠረ። 10ኛው ረጋ በሉ አለ። ማንም አልሰማውም።

11ኛው እንስሳት ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የጨዋታው አምስተኛ እትም የጭራቆች መጽሐፍ ውስጥ ቁራ ኢንቴሊጀንሱ 2 ነው። ድመት 3። ዝንጀሮ የሚመስለው ትልቁ እንስሳ 6። ኦግር የሚባለው ግዙፍ ፍጥረት ግን 5 ነው፣ እና ሁለት ቋንቋ ይናገራል። ቋንቋ የማያውቀው እንስሳ ሁለት ቋንቋ ከሚናገረው ይበልጣል ማለት ነው። የኛ ባርባሪያንም ከዚያ እንስሳ ጋር እኩል ነው። 12ኛው ለቁራ ተቆርቁሮ ረጅም ነገር ጻፈ፤ ቁራ መሣሪያ የሚጠቀም ወፍ ነው፣ 2 መስጠት ነውር ነው አለ። 13ኛው ሽማግሌ ይመስለኛል። የ1977ቱ የጭራቆች መጽሐፍ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ስም ይሰጥ እንደነበር አስታወሰን፦ ከ5 እስከ 7 ዝቅተኛ፣ ከ8 እስከ 10 መካከለኛ፣ 17 እና 18 ሊቅ፣ 21 እና ከዚያ በላይ እንደ አምላክ። ያኔ እንኳን 6 ዝቅተኛ ነው የተባለው፣ ፍጹም የማይችል አልተባለም።

14ኛው ነው ለእኔ በሩን የከፈተው። ሁላችሁም የምትሞግቱት ስለ ወረቀቱ ነው አለ፣ ጨዋታው ራሱ ቁጥሩን ምን እንደሚያደርገው ግን አንዳችሁም አላያችሁም። በአምስተኛው እትም ከቁጥሩ 10 ቀንሰህ ለ2 ታካፍላለህ፣ ወደ ታች ታጠጋጋለህ። 18 ያለው 4 ይጨመርለታል፣ 10 ያለው ምንም፣ 6 ያለው 2 ይቀነስበታል። ከዚያ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ጥለህ ይህን ትደምርበታለህ ወይም ትቀንስበታለህ። መካከለኛ ክብደት ያለው ነገር 15 ይጠይቃል። 18 ያለው ሊቅ ከመቶ 50 ጊዜ ያገኘዋል። መካከለኛው ሰው 30። ባርባሪያኑ 20። እንግዲህ እዩት። ሊቁ ከሁለት አንዴ ይስታል፣ ባርባሪያኑ ከአምስት አንዴ ያገኛል። መሪያችን በሩን ከመዝጋት ዳይስ አስጥሎ 17 ወይም ከዚያ በላይ መጠበቅ ነበረበት ማለት ነው። ይህን መልስ በቀጥታ ለመሪያችን ላክሁለት።

15ኛው እና 16ኛው ሌሎች ጨዋታዎችን አመጡ። ገርፕስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው፣ ችሎታውን ራሱን አይኪው ነው የሚለው፤ ግን መካከለኛው 100 ሳይሆን 10 ነው። ሦስት ዳይስ ጥለህ ከቁጥርህ እኩል ወይም በታች ስታመጣ ይሳካልሃል። 10 ያለው ከመቶ 50 ጊዜ፣ 14 ያለው ወደ 91 ጊዜ። እዚያ ብልህ መሆን በደንብ ይከፍላል። በ1981 የወጣው የክቱሉ ጥሪ ደግሞ በቆዩት እትሞቹ የማሰብ ችሎታን በሁለት ዳይስ ላይ 6 ጨምሮ ነበር የሚያወጣው፣ ስለዚህ ከ8 በታች ሰው አልነበረም። ትምህርት ለብቻው ሌላ ቁጥር አለው። ያልተማረ ብልህና የተማረ ደነዝ እዚያ ጎን ለጎን መቀመጥ ይችላሉ።

17ኛዋ ሥራዋ እንዲህ ያሉ ፈተናዎችን መስጠት እንደሆነ ገለጸች፣ ቃናዋም የሰለቸው ሰው ቃና ነበር። አምስተኛው እትም በኢንቴሊጀንስ ሥር የሚያስቀምጣቸውን አምስት ሙያዎች ቁጠሩ አለች፦ የአስማት ዕውቀት፣ ታሪክ፣ ምርመራ፣ ተፈጥሮ፣ ሃይማኖት። ከአምስቱ አራቱ ያነበብከው ነገር ናቸው። ማስተዋልና የሰውን ፊት ማንበብ ዊዝደም የሚባለው ሌላ ቁጥር ውስጥ ገብተዋል። እንግዲህ የጨዋታው ቁጥር የሚነግራችሁ ሰውየው ምን ያህል መጽሐፍ እንዳገላበጠ ነው፣ በር ላይ የተጻፈ እንቆቅልሽ ከሱ ጋር ምን አገናኘው? ከዚህ በላይ ጊዜዬን አላጠፋም ብላ ሄደች። እውነትም አልተመለሰችም።

18ኛው ከሷ መልስ አንዲት ነገር መዝዞ ክሩን ገደል ከተተው። ሕክምና በዊዝደም ሥር እንደሆነ አስተዋለ። ታዲያ ሐኪም መሆን ብልህነት አይጠይቅም ማለት ነው? 19ኛው ሕክምና ማስተዋል ነው አለ። 20ኛው ማንም በማስተዋል ብቻ ቀዶ ጥገና አይሠራም አለ። ሁለቱ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ዕፅዋት፣ ስለ አንደኛው አጎት ጉልበት ሳይቀር ተጨቃጨቁ። 21ኛው መልስ ተሰርዟል። ምን እንደነበረ አላየሁም፣ ግን 20ኛው ከዚያ በኋላ የሰው እናት አይነካም ብሎ ነበር፣ እና እገምታለሁ።

22ኛው ወደ ጉዳዩ መለሰን። ጉልበት 17 የያዘውን ልጅ ማንም ጠረጴዛውን አንሣ አላለውም፣ ታዲያ ኢንቴሊጀንስ 18 የያዘችውን ለምን እንቆቅልሹን ራስሽ ፍቺ እንላታለን? ይህ ክርክር የቆየ ነው፣ እኔም አምንበት ነበር። 23ኛው ግን ቀዳዳውን አሳየ። ማንሣት ውሳኔ የለበትም። ማሰብ ግን ጨዋታው ራሱ ነው። ማሰቡንም ለዳይስ ከሰጠነው ዳይሶቹ ሲጫወቱ ቁጭ ብለን ማየት ነው የሚቀረን። ስለ ጓደኛችንም ጨመረበት፤ መልሱን ከባርባሪያኑ አፍ ማውጣት ካልተመቻችሁ ከአስማተኛዋ አፍ አውጡት፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ጭንቅላት የጋራ ነው። ይህን ማንም አለማሰባችን አሳፈረኝ። አምስት ሰው ሆነን።

24ኛዋ የጨዋታ መሪ ነች፣ የምታደርገውን ብቻ ነገረችን። ኢንቴሊጀንሱ ከፍ ያለ ተጫዋች ካላት ትናንሽ ወረቀት ታዘጋጃለች። በየጨዋታው መሃል አንዷን አጣጥፋ በጠረጴዛው ሥር ታቀብለዋለች። ላይዋ ላይ ገጸ ባሕሪው የሚያውቀው ሰውየው ግን የማያውቀው አንድ ነገር ተጽፏል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ቋንቋ የሞተ እንደሆነ፣ የንጉሡ ማኅተም በግራ መታተሙ። ምን እንደሚያደርግበት አትነግረውም። አንድ ጊዜ አንድ ዓይን አፋር ልጅ ወረቀቷን ከፍቶ ካነበበ በኋላ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ጠረጴዛው ሁሉ ዞሮ አየው አለች። ዝቅተኛ ለያዘው ደግሞ ምንም አትከለክለውም። ወረቀት አይደርሰውም፣ ያ ነው ልዩነቱ። ያለኝን ዕውቀት ሁሉ ሰብስቤ ብፈልግ ቁጥሯን ከዚህ በተሻለ የሚጠቀምባት አላገኝም።

በዚህ መሃል መሪያችን ክሩን እንዳነበበው ጻፈልን። እሺ፣ በሚቀጥለው ይጣል፣ 17 እና ከዚያ በላይ ካመጣ በሩ ይከፈታል አለ። ጓደኛችን መልሱን ከተናገርኩት በኋላ የምን ዳይስ ነው ብሎ መለሰለት። እስካሁን እዚያው ላይ ናቸው።

25ኛው መልስ ዳይስ እኩል መመዘኑን ለማወቅ ጨው በበዛበት ውሃ ውስጥ አንሳፍፋችሁ በተደጋጋሚ ገልብጡት፣ ሁልጊዜ አንድ ገጽ ወደ ላይ ከመጣ የተዛባ ነው የሚል ነበር። ማን ጠየቀው አላውቅም፣ ግን ሞክሬዋለሁ። የኔ ሃያ ገጽ ሰመጠ፤ ጨው አሳንሼ መሆን አለበት።

26ኛው ደግሞ በዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀ። የእንቆቅልሹ መልስ ምንድን ነው?

27ኛው ቀድሞኝ መለሰለት፣ 13112221 ነው ብሎ። ባለ 144ቱ ሰውዬ ነበር፣ 8ኛው። ስድስት አሃዝ እንደሆነ መጀመሪያ ላይ ጽፌ ነበር። ቁጭ ብዬ በጣቴ ሠራሁት፤ የሱ ሰባተኛው መስመር ነው፣ አንዱን ዘሎታል። ነገርኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ መልሱ የለም።

ስድስተኛው 312211 ነው። 111221 ላይ ጣታችሁን አስቀምጡና ያያችሁትን ድምፃችሁን አውጥታችሁ ቁጠሩ፦ ሦስት አንድ፣ ሁለት ሁለት፣ አንድ አንድ።